መሊክ የማንን ደም መለሰች?

ካርቱም ውስጥ ጥቂት ዓመታት የኖረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ መሊክን አይቷታል፤ ስሟን የሚያውቃት ግን ጥቂት ነው። ከ2023ቱ ጦርነት በፊት በጥቁር ዓባይ ዳር በሚዘልቀው የናይል ጎዳና የሚመላለስ ሰው፣ በአንድ የጀልባ ክበብ ቅጥር ውስጥ፣ ከውኃው ተለይታ በደረቅ መሬት ላይ የተቀመጠች አሮጌ የብረት መርከብ ይመለከት ነበር። አንዳንዱ የተጣለ ብረት ትመስለዋለች፤ አንዳንዱ ምግብ ቤት ይመስሏት ዋጋ ይጠይቃል። እሷ ግን በዘመኗ አንድን መንግሥት ለመጣል የተሠራች የጦር መርከብ ነበረች።

ይህ ጸሐፊ ስለ መርከቢቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ከመጽሐፍ አይደለም። ጀሬፍ ውስጥ፣ ቡና በሚፈላበት ቤት፣ ከአንድ የተከበሩ አዛውንት አንደበት ነበር። አዛውንቱ ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ «የአፄ ዮሐንስን ደም የመለሰችልን እሷ ናት፤ ደርቡሽን ያረገፈችው እሷ ናት» አሉ። በቤቱ የነበርነው ሁሉ አንገታችንን ነቀነቅን። ከዚያ ወዲህ ይህንኑ አባባል በዴም መንደር፣ በሠርግና በለቅሶ ቤት፣ አንዳንዴ በቀልድ አንዳንዴም በቁም ነገር፣ ደጋግሞ ሰምቶታል። ነገሩ ለጆሮ ይጥማል። የተገፋ ሰው፣ አንድ ቀን አንድ ኃይል መጥቶ ጠላቱን እንደ መታለት ሲሰማ ደስ ይለዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አባባል ስሕተት መሆኑን ማስረዳት ነው። ስሕተትነቱም የታሪክ ተማሪዎች ብቻ የሚከራከሩበት ዓይነት አይደለም፤ በምንኖርበት አገርና ከሕዝቡ ጋር ባለን ኑሮ ላይ ጉዳት የሚያስከትል ስሕተት ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።)

በመጀመሪያ መርከቢቱ ምን እንደ ነበረች እንመልከት።

መሊክ የተሠራችው በለንደን አጠገብ፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ቺዝዊክ በተባለ ሥፍራ በነበረው የቶርኒክሮፍት የመርከብ ፋብሪካ ነው። ሥራዋ የተጀመረው በ1896 ነበር። ሼክና ሱልጣን የተባሉ ሁለት እህቶች ነበሯት። የስሟ ትርጉም በዐረብኛ «ንጉሥ» ማለት ነው፤ አምላክና መለኮት ከሚሉት የግእዝ ቃላት ጋር አንድ ሥር ስላለው ለጆሯችን ባዕድ አይደለም። ርዝመቷ 44 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ይህን የሚያህል አካል ይዛ በውኃ ውስጥ የምትጠልቀው ግን ከጉልበት ብዙም ያላለፈ ነበር። ውኃ ቀዛፊ መዘውሮቿ ከሆዷ ሥር በተሠራ ቦይ መሰል ጉድጓድ ውስጥ ስለ ተሸሸጉ፣ የወንዙ አሸዋ በሚነካባቸው ሥፍራዎች ሳይቀር ለማለፍ ትችል ነበር። በጎኗና በላይዋ ጥይት የሚመክት የብረት ልባስ ነበራት። ፈጣን መድፍ፣ ሃውተዘርና ማክሲም የተባሉትን መትረየሶች ታጥቃለች።

ይህች መርከብ በባሕር ተጉዛ ካርቱም አልደረሰችም። በክፍል በክፍል ተፈትታ በመርከብ ወደ ግብፅ ተላከች፤ ከዚያም ጄኔራል ኪችነር ከዋዲ ሐልፋ እስከ አቡ ሐመድ በኑቢያ በረሓ ላይ ባስዘረጋው 370 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆን የባቡር ሐዲድ ተጭና፣ ከአትባራ በስተ ሰሜን አባዲያ በምትባል የወንዝ ዳር መንደር እንደገና ተገጣጠመች። በ1898 ክረምት ወደ ኦምዱርማን ለመዝመት የተሰለፉት የጦር መርከቦች አሥር ነበሩ። አንደኛዋ፣ ዛፊር የተባለችው፣ ጦርነቱ ሳይደርስ በመንገድ ሰጠመች። የኸሊፋ አብዱላሂም ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ በወንዙ ውስጥ ፈንጂ ሊያጠምዱ ሞክረው፣ ከጎርደን የማረኳት እስማኢሊያ የተባለችው መርከብ በገዛ ፈንጂያቸው ተሰባበረች።

መስከረም 1 ቀን 1898 የጦር መርከቦቹ የኦምዱርማንን፣ የካርቱምንና የቱቲ ደሴትን ምሽጎች ደበደቡ። በዚያው ቀን ከምሥራቁ የወንዝ ዳር የተተኮሱ የሃውተዘር ጥይቶች የማህዲውን መቃብር ጉልላት ቀደዱት። በማግስቱ፣ መስከረም 2፣ ሱዳናውያን የከረሪ ጦርነት የሚሉት ዕለት ሆነ። ወደ 26,000 የሚጠጋ የእንግሊዝና የግብፅ ጦር ወንዙን ተጠግቶ ተሰልፏል፤ በፊቱ ወደ 50,000 የሚጠጋ የኸሊፋው ሠራዊት መጣ። በሰሜን በኩል፣ ከከረሪ ኮረብቶች ሥር፣ የኪችነር የግመል ጦር በድንጋያማው መሬት መሮጥ አቅቶት በኸሊፋው ሰዎች ሊዋጥ ደርሶ ነበር። በዚያች ሰዓት ከወንዙ ላይ መሊክ ደረሰች። በመድፏና በመትረየሷ በአጭር ርቀት ተኩሳ አሳዳጆቹን በረድፍ በረድፍ አጋደመቻቸው፤ ሌላም መርከብ ተከትላ አገዘቻት። የግመል ጦሩ ተረፈ። ፀሐይ አናት ላይ ከመድረሷ በፊት ከኸሊፋው ወገን የሞተው ወደ 10,000 ሰው ነበር፤ ከኪችነር ወገን የሞተው ከ50 ያነሰ።

የመሊክ የጦርነት አገልግሎት ዋናው ይህ ነው። እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ፤ በዚያ ዕለት የተመለሰው የማን ደም ነው?

መልሱ ከመርከቢቱ አዛዥ ስም ይጀምራል። መሊክን በከረሪ ያዘዘው መኮንን ሜጀር ጎርደን ይባላል። በጥር 1885 ማህዲው ካርቱምን ሲይዝ የተገደለው የጄኔራል ጎርደን የወንድም ልጅ ነው። በመስከረም 4 ድል አድራጊዎቹ ወደ ካርቱም ተሻግረው፣ በፈረሰው የጎርደን ቤተ መንግሥት ላይ ባንዲራ ሰቅለው፣ ለጎርደን የሙታን ጸሎት አስደረጉ። ለአፄ ዮሐንስ የተጸለየ ጸሎት የለም። ስማቸውንም ያነሣ የለም። መሊክ ደም መላሽ ነበረች ከተባለ፣ የመለሰችው የጎርደንን ደም ነው። እኛ በሌላ ሰው ለቅሶ ላይ ገብተን የራሳችንን ሬሳ ያስቀበርን መስሎን ተደስተናል።

ይህ ብቻ አይደለም። አፄ ዮሐንስን መተማ ላይ ያደረሳቸው ማን እንደ ነበረ እናስታውስ። ሰኔ 3 ቀን 1884 በዐድዋ፣ የእንግሊዙ አድሚራል ሂወት ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ውል ተፈራረመ። በውሉ ኢትዮጵያ በማህዲው ሰዎች የተከበቡትን የግብፅ ወታደሮች በግዛቷ በኩል እንድታስወጣ፣ በምላሹም ቦጎስ እንዲመለስላትና በምፅዋ በኩል በነፃ እንድትገበያይ ተስማሙ። ዮሐንስ ቃላቸውን ጠበቁ፤ ራስ አሉላም በመስከረም 1885 በኩፊት ከዑስማን ዲግና ጦር ጋር ተዋጉ። እንግሊዝስ? ውሉ ዓመት ሳይሞላው፣ በየካቲት 1885፣ ጣልያን ምፅዋን ስትይዝ ዝም አለች፤ ዝምታዋም ፈቃድ ነበር። እኛ ያተረፍነው በምዕራብ አዲስ ጠላት፣ በሰሜን አዲስ ወራሪ ነው። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሁሉም ያውቃል፤ በ1888 መጀመሪያ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሳር ውኃ ላይ ተሸነፉ፣ ጎንደር ተዘረፈች፣ አብያተ ክርስቲያናቷም ተቃጠሉ። በመጋቢት 1889 ንጉሠ ነገሥቱ መተማ ላይ ወደቁ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ። እንግዲህ ወደዚህ ጦርነት የገፋን መንግሥት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በመርከብ መጥቶ «ደማችሁን መለስኩላችሁ» ቢለን፣ እኛም አሜን ብንል፣ ከዚህ የበለጠ ሞኝነት ምን አለ?

ሌላም አለ። መሊክ በምን ምክንያት ተሠራች? መጋቢት 1 ቀን 1896 የዐድዋ ድል ሆነ። ጣልያን ተሸነፈች፤ ከሰላንም ይዛ ነበርና በደርቡሽ እጅ እንዳትወድቅ ተፈራ። ዐድዋ በሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ የእንግሊዝ መንግሥት የግብፅ ጦር ወደ ዶንጎላ እንዲዘምት ወሰነ። አንዱ የተነገረ ምክንያት በከሰላ ባለው በጣልያን ጦር ላይ ያለውን ጫና ማቃለል ነበር። ከበስተጀርባው ደግሞ ፈረንሳይ ወደ ነጭ ዓባይ እንዳትቀድም የሚለው ስጋት ነበረ። ያ ዘመቻ ነው እየሰፋ ሄዶ እስከ ኦምዱርማን የደረሰው፤ መሊክና እህቶቿም የታዘዙት በዚያው ዓመት ለዚያው ዘመቻ ነው። ባጭሩ፣ ዘመቻው የተነሣው ጣልያን በእኛ እጅ በመሸነፏ ሲሆን፣ ከተባሉት ዓላማዎቹ አንዱ ያንኑ የተሸነፈ ጠላታችንን ማገዝ ነበር። በዐድዋ የሚኮራ ሰው በመሊክ ሊኮራ አይችልም፤ ሁለቱ በአንድ ሰልፍ አይቆሙም።

አፄ ምኒልክ ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። በግንቦት 1897 የእንግሊዙ መልክተኛ ሮድ አዲስ አበባ መጥቶ ባደረጉት ውል፣ ለደርቡሽ መሣሪያ እንዳይተላለፍ ለመከልከልና የደርቡሽን ወገን እንደ ጠላት ለመቁጠር ተስማሙ። ይሁንና በዚያው ዘመን ከኸሊፋው ጋር በሰላም ይጻጻፉና መልክተኛ ይለዋወጡ ነበር። የዮሐንስን ዙፋን የወረሱት ንጉሠ ነገሥት በቀል ቢፈልጉ ኖሮ ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበራቸውም። እሳቸው ግን ከኦምዱርማን ውድቀት በኋላ ቀጥሎ የሚመጣው ጎረቤት ማን እንደሚሆን አስቀድመው አስበዋል።

እንዲያውም ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር የሟቹ የራሳቸው ቃል ነው። አፄ ዮሐንስ ከመተማ ጦርነት ጥቂት ወራት ቀደም ብለው ለደርቡሹ የጦር አዛዥ ለሐምዳን አቡ አንጃ በጻፉት ደብዳቤ፣ የሁለቱ አገሮች ድሆች እርስ በርስ ቢተላለቁ የሚጠቀመው አውሮፓዊው ብቻ እንደሆነ ገልጸው፣ በጋራ ጠላት ላይ ቢተባበሩ እንደሚሻል መከሩ። ምክሩ በስድብ ተመለሰላቸው፤ ጦርነቱም አልቀረም። ይሁን እንጂ ደማቸው ይመለስ ከተባለ፣ የአውሮፓ መርከብ እንዲመልስላቸው የሚለምኑ ሰው እንዳልነበሩ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

አሁን ደግሞ ወደ ወንዙ እንምጣ። በከረሪ ጦርነት የማይነገርለት አንድ ዘማች አለ። እሱም ዓባይ ነው። የኪችነር መርከቦች ከግብፅ ወደ ካርቱም ሲወጡ ድንጋያማ የሆኑትን የወንዙን እንቅፋቶች ማለፍ ነበረባቸው። በበጋ ውኃው ሲጎድል ድንጋዩ አፍጦ ይወጣል፤ መርከብ አያሳልፍም። በሙላቱ ወራት እንኳ ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ በነሐሴ 1897 በአራተኛው እንቅፋት ላይ አንዲት መርከብ ተገልብጣለች። ስለዚህ ዘመቻው የተቀጠረው ለነሐሴና ለመስከረም፣ ወንዙ ለሚሞላበት ጊዜ ነበር። ያ ሙላት ከየት መጣ? ከጎጃምና ከወሎ፣ ከጎንደርና ከሸዋ ተራሮች የወረደው የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው። ከናይል ውኃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች እንደሚፈስ ዛሬ ሕፃን ያውቀዋል። መሊክን በሸበሉቃ ጠባብ ድንጋይ መካከል ያሳለፋት የእኛ ክረምት ነው። አገሬው «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይላል። በዚያ ክረምት ይዞት የዞረው ግንድ ሳይሆን የባዕድ ብረት ነበር።

ብረቱ ካርቱም ደርሶ አልቆመም። በመስከረም 1898 ኪችነር ከመሊክ እህቶች አንዷን ሱልጣንን ጨምሮ በአምስት መርከቦች ነጭ ዓባይን ሽቅብ ወጥቶ፣ ፋሾዳ ላይ ከፈረንሳዩ ማርሻን ጋር ተገናኘ። ከዚያ ጥቂት ወራት በፊት፣ በሰኔ፣ የደጃዝማች ተሰማ ናደው ጦር ከጎሬ ተነሥቶ የሶባት ወንዝ ከነጭ ዓባይ እስከሚገናኝበት ደርሶ ነበር፤ በሽታና ረኀብ ግን መለሰው። እግረኛ በእግሩ ደርሶ የተመለሰበትን ቦታ መርከብ ያለው ይዞ ቀረ። የዚያ ሚዛን ውጤት ግንቦት 15 ቀን 1902 በአዲስ አበባ በወረቀት ላይ ሰፈረ። ምኒልክ በጥቁር ዓባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ፣ እንግሊዝና የሱዳን መንግሥት ካልተስማሙ በቀር፣ የውኃውን ፍሰት የሚገታ ሥራ እንዳይሠሩ የሚል ቃል ገቡ። በቀጣዩ ዓመት ሜጀር ጉዊን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን፣ የኢትዮጵያ ተወካይ በሌለበት፣ ድንበሩን አካለለ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በሚያዝያ 2011 የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሲጀመር፣ ካይሮ በፊታችን ከደረደረቻቸው ወረቀቶች አንዱ ያ የ1902 ውል ነው። ግድቡ መስከረም 9 ቀን 2025 ተመረቀ፤ ክርክሩ ግን አብሮ አልተዘጋም። በ2020 መጨረሻ በአል ፋሽጋ እርሻዎች ላይ ደም ያፈሰሰው የድንበር ጠብም የጉዊን መሥመር ቅሪት ነው። መሊክ ባለውለታችን ናት የሚል ሰው እነዚህን ሁሉ ከውለታው ጋር ይቁጠርልን።

ከዚህ ቀጥሎ የምናነሣው ነገር ከፖለቲካው ይልቅ ልብ ይነካል። ከድሉ በኋላ የማህዲው መቃብር እንዲፈርስ ታዘዘ። የማፍረሱ ሥራ የተሰጠው ለዚያው ለመሊክ አዛዥ ለሜጀር ጎርደን ነበር። የማህዲው አፅም ከመቃብሩ ወጥቶ ወደ ዓባይ ተጣለ። የራስ ቅሉ ግን ተለይቶ ቀረ፤ ኪችነር ሊያደርግበት ያሰበው ነገር በእንግሊዝ አገር ቁጣ አስነሣ፤ ንግሥት ቪክቶሪያም ሳትቀር አዘነች፤ በመጨረሻ ዋዲ ሐልፋ ላይ በስውር ተቀበረ። በጦርነቱ እንደ ወጣት መኮንን የተሰለፈው ዊንስተን ቸርችል እንኳ በ1899 ባሳተመው መጽሐፉ ድርጊቱን ነቅፏል። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ምክር ቤት ለኪችነር 30,000 ፓውንድ ሽልማት ፈቀደ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሁለት ራሶችን አጠገብ ለአጠገብ እናስቀምጥ። አንደኛው በ1889 ከመተማ ወደ ኦምዱርማን የመጣው የንጉሠ ነገሥቱ ራስ ነው። ሁለተኛው በ1898 ከኦምዱርማን መቃብር የወጣው የማህዲው ራስ ነው። የመጀመሪያው ሲነሣ ዛሬም አንጀታችን ይላወሳል፤ ተገቢም ነው። ሁለተኛው ሲነሣ ግን «ይበላቸው» የምንል ከሆነ፣ በመጀመሪያው ላይ ያለቀስነው ለሰው ክብር አልነበረም ማለት ነው። ወጊ ቢረሳ ተወጊ አይረሳ ይባላል። ሱዳናዊውም ተወጊ ነው፤ አይረሳም። ስለ መተማ ስናነሣበት በትዕግሥት የሚሰማን የኦምዱርማን ሰው፣ እኛ ስለ ከረሪ ምን እንደምናስብ ቢሰማ ምን ይለናል?

በዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቃለሁ። «ጎንደርን ያቃጠሉትን ልናዝንላቸው ነው ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። የጎንደር መቃጠል እውነት ነው፤ በባርነት የተነዳው ሰው እውነት ነው፤ ማንም ሊያለዝበው አይገባም። ነገር ግን በከረሪ ሜዳ የወደቀው ጎንደርን ያቃጠለው አቡ አንጃ አይደለም፤ እሱ ከመተማ ጦርነት በፊት ሞቷል። የወደቀው አብዛኛው ከኮርዶፋን፣ ከዳርፉርና ከጀዚራ የመጣ ገበሬና ከብት አርቢ ነበር። በኪችነር ወገን ከተሰለፉት ሻለቆች መካከልም ስድስቱ የሱዳን ሻለቆች ነበሩ፤ ወንድም ወንድሙን ገደለ። የተበደልነው በደል ስሙ ተጠርቶ፣ ዘመኑ ተጽፎ ይኑር። ዕዳውን ግን ያልበደለ ሰው ከፍሎታል ብለን ሒሳብ አንዝጋ። የሐሰት ደረሰኝ ይዞ ዕዳ ተከፈለኝ ማለት ራስን ማታለል ነው።

መተማንም በምናስብበት ጊዜ ታሪኩን ከአንድ ዓመት ላይ ብቻ አንቁረጠው። በሐምሌ 1940 አፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ካርቱም ሲደርሱ የተቀበለቻቸው ይህች ከተማ ናት። በጥር 1941 በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ሲሻገሩ ከጎናቸው የሱዳን የድንበር ሻለቃ ወታደሮች ነበሩ። ጓዙን የተሸከሙት 15,000 ያህል የሱዳን ግመሎች ነበሩ፤ አብዛኞቹም በጎጃም መንገድ አለቁ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከጦርነትና ከረኀብ የሸሸ ወገናችንን ገዳሪፍና ከሰላ ተቀበሉት። ከኅዳር 2020 ጀምሮ ከትግራይ ከ50,000 በላይ ሰው በሐምዳየትና በአካባቢው ሲሻገር የመንደሩ ሰው ከራሱ እንጀራ ቆርሶ ሰጠ። ከሚያዝያ 15 ቀን 2023 በኋላ ደግሞ ተራው ተገለበጠና የካርቱም ሰው ሻንጣውን ይዞ በመተማ በኩል ወደ እኛ ገባ። አፄ ዮሐንስ በወደቁበት ምድር የሱዳን እናት ልጇን አዝላ ወረፋ ቆመች። በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች በተደጋጋሚ ጥቃት ሲደርስባቸው፣ በ2024 ብዙዎቹ በፍርሃት መጠለያውን ጥለው በእግር ወደ መንገድ ወጡ። ይህንን ስንሰማ ልባችን በኀፍረት ካልተሰበረ፣ ምናልባት አንድ ጥግ ላይ «ደርቡሽ ነው፤ ዕዳ አለበት» የሚል የድሮ ድምፅ ተቀምጦብን ይሆናል። የቡና ላይ ወሬ ጉዳት የለውም የሚል ሰው ይህን ያስብበት።

የመሊክ የኋላ ታሪክም ትምህርት አለው። ከጦርነቱ በኋላ ጥቅሟ አነሰ። ከ1926 ጀምሮ የካርቱም የጀልባ ክበብ ቤት ሆና፣ የእንግሊዝ ሹማምንት የማታ ነፋስ የሚቀበሉባት ሰገነት ሆነች። በ1939 በወጣው «አራቱ ላባዎች» በተባለው ፊልም ላይ ራሷን ሆና ተውናለች፤ በፊልሙ ጀግኖቹ የማን ወገን እንደ ነበሩ መናገር አያስፈልግም። ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላም በቦታዋ ቆየች። በመጨረሻ በ1980ዎቹ ማብቂያ ወንዙ ከልክ በላይ ሞልቶ አነሣትና ወደ ዳር አውጥቶ ደረቅ መሬት ላይ አስቀመጣት። ወደ ካርቱም ያመጣት የዓባይ ክረምት ነበር፤ ከሥራ ያሰናበታትም ያው ክረምት ሆነ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መርከቢቱ ትፍረስ የሚል ሐሳብ ከዚህ ጸሐፊ አይወጣም። ጦርነቱ በካርቱም ያደረሰው ጥፋት በቂ ነው፤ በናይል ጎዳና ያለው ብሔራዊ ሙዚየም እንደተዘረፈ ዓለም አይቷል። ከተማዋ እንደገና በምትሠራበት ጊዜ ከትዝታዋ የተረፈው ሁሉ ሊጠበቅ ይገባል፤ መሊክም ከዚያው ትቆጠራለች። ነገር ግን ስትጠበቅ የኪችነርና የጎርደን ስም ብቻ ተጽፎባት አይሁን። በከረሪ የወደቁት ይጻፉባት። የፈረሰው መቃብር ይጻፍባት። ያሳለፋት ሙላት ከየት እንደመጣ ይጻፍባት። ይህን የመጻፍ ሥልጣን የሱዳናውያን ነው፤ እኛ እንግዶች ነን። የእኛ ሥልጣን ግን በቤታችን አለ። ልጆቻችን ስለ መርከቢቱ ሲጠይቁን የምንሰጠው መልስ የእኛ ነው።

ያ ጀሬፍ ያገኘኋቸው አዛውንት ክፉ ሰው አልነበሩም። በሰው አገር ሠላሳ ዓመት ሲኖሩ፣ የወደቀ ንጉሥ ሐዘን ከልባቸው አልወጣም ነበር፤ ያቺን መርከብ ባዩ ቁጥር ይጽናኑባት ነበር። ዛሬ ባገኛቸው በትሕትና እንዲህ እላቸው ነበር፦ «አባቴ፣ ያቺ መርከብ ለእኛ አልመጣችም። የመጣችው ለሌላ ሰው ደምና ለእኛ ወንዝ ነው። ንጉሡ ለጎረቤታቸው የጻፉት ምክር ግን እስካሁን መልስ አላገኘም፤ እኛና ሱዳናውያን በመልካም ጎረቤትነት ብንመልስላቸው ከየትኛውም መድፍ ይሻላቸዋል።»